አራተኛው ዘፈን ውስጥ ሳክስፎን የለም

መጽሔቱ የሙዚቃ መጽሔት ይባል እንጂ ሙዚቃ ከደጃፉ ከተመለሰ ቆይቷል። የፈለጋችሁትን ገጽ ግለጡ፤ የድምፃዊቷ ጫማ ተረከዙ ምን ያህል እንደሚረዝም ታገኛላችሁ። ድምፃዊው ከማን ተጣልቶ ከማን እንደታረቀ፣ መኪናውን ምን ቀለም እንዳስቀባ፣ በየትኛው ኮከብ እንደተወለደ ታገኛላችሁ። ያቺ ድምፃዊት ምን ብላ እንደዘፈነች ግን አትጠይቁ። ኧረ ለመሆኑ ትዘፍናለች? እሱንም የሚነግራችሁ የለም።

ከዚያ ሁሉ ገጽ መሃል «የወሩ አልበም» የምትባል አንዲት ገጽ ነበረች። የምትጽፋትን ልጅ የቢሮው ሰው «አራት ነጥብ» ይላታል፤ አንዴ «አይሆንም» ካለች ወሬው እዚያ ላይ ስለሚያልቅ ነው። ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ፣ ስትናደድ እርሳሱን መዝዛ የምታወጣ ልጅ ናት። በልጅነቷ ታላቅ እህቷ የምታመጣቸውን የሙዚቃ መጽሔቶች እየተሻማች ነው ያደገችው። የዚያን ጊዜ ጸሐፊዎች ስለ አንድ ዘፈን ሲጽፉ፣ ዘፈኑን ያልሰማው ሰው እንኳ ሊያንጎራጉረው ይቃጣው ነበር። እሷም እንደነሱ እጽፋለሁ ብላ ገባች። ገብታ ያገኘችው ግን ሌላ ነው።

ማተሚያ ቤቱ ገጾቹን የሚቀበለው ረቡዕ ነው፤ አልበም የሚወጣው ደግሞ ዓርብ። ታዲያ ምን ይደረግ? ፕሮዲውሰሮቹ የዘፈኖቹን ርዕስና የተጫዋቾቹን ስም የያዘች ወረቀት ቀደም አድርገው ይልካሉ፤ እሷ ከወረቀቷ ላይ ታደንቃለች። ግጥሙ ሁልጊዜ «በሳል» ነው። ዜማው ሁልጊዜ «መሳጭ» ነው። ያልበሰለ ግጥም በአገሩ የጠፋ ይመስል!

መጀመሪያ ሰሞን ተጨቃጭቃ ነበር። ዋና አዘጋጁ ግን ሻዩን እያማሰለ ሳቀባት።

«የኔ እህት፣ አልበሙን የሚገዛው ሰው ራሱ ይሰማው የለ? አንቺን ምን አደከመሽ?»

እያደር ለመደችው። ለመደችው ማለት፣ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ጨጓራዋን እያመማት ለመደችው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጥቁር ሣጥን በጀርባው ያዘለ ረዘም ያለ ወጣት የቢሮውን በር አንኳክቶ ገባ። በእጁ መጽሔቱን ጠቅልሎ ይዟል። መጽሔት ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው ለደግ እንደማይመጣ የቢሮው ሰው ሁሉ ያውቃል። ራዳር የሚሉት የሐሜት ገጽ ጸሐፊ ወዲያው ጆሮውን ቀሰረ።

«የወሩ አልበምን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት?» አለ ወጣቱ።

«ነኝ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም። መጽሔቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። «‹በአራተኛው ዘፈን የሚያለቅሰው ሳክስፎን ልብ ሰንጥቆ ይገባል› ይላል።»

«አዎ።»

«አራተኛው ዘፈን ውስጥ ሳክስፎን የለም።»

አራት ነጥብ እጇ ወደ እርሳሷ ሄዶ ቀረ። «እንዴት የለም? ወረቀቱ ላይ እኮ…» አለችና የቀረውን ዋጠችው።

«ነበረ። የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ፕሮዲውሰሩ በመጨረሻው ሰዓት ‹ረዘመ› ብሎ አወጣውና በኪቦርድ ተካው። ስሜን ከወረቀቱ ላይ መሰረዝ ረስቶ ይሆናል።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። አራት ነጥብ ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ጋለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «በሚቀጥለው እትም ማረሚያ አወጣለሁ።»

«ኧረ በእግዜር! እኔ እኮ ማረሚያ እንዳያወጡ ልለምን ነው የመጣሁት።»

ይሄኔ ተቀመጠ። ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸው ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ነው። እሱ የሒሳብ ትምህርቱን አቋርጦ «ይህን ቧንቧ» መንፋት ከጀመረ ወዲህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት ስለ ቁልፍና ስለ ዚፕ ብቻ ሆነ። በቀደም ታዲያ አንድ ደንበኛ መጽሔቱን ይዞ ሱቅ ገባ። አባት የልጃቸውን ስም አይተው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ገጹን በመቀስ ቆርጠው መስተዋቱ አጠገብ ለጠፉት። አሁን ሱሪ ለማሳጠር የመጣውን ሁሉ ሳያነቡለት አይለቁም።

«አልበሙን አልሰሙትም እንዴ?»

«አባባ ዘፈን አይሰማም። ‹ወረቀት ላይ ሰፍሯል፣ በቃ!› ነው የሚለው። ከስንት ጊዜ በኋላ ትናንት ‹ልጄ› ብሎ ጠራኝ።»

ወጣቱ እንደማፈር እያለ ቀና አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሳይቆረጥ በፊት የነበረውን ቅጂ ከየት አገኙት? የት ሰሙኝ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «ስቱዲዮ ውስጥ ነው» ብትል ማን ያጣራል? ግን ዓይኑ ውስጥ ያለውን ተስፋ አየችው።

«አልሰማሁዎትም» አለች። «ምንም አልሰማሁም። እዚህ ቤት ሳይሰማ ነው የሚጻፈው።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። መጽሔቱን ቀስ ብሎ መልሶ ጠቀለለ።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ቢያንስ አንድ ሰው ሰምቶኛል ብዬ ነበር።»

አመስግኗት ወጣ። ይታያችሁ፣ አመስግኗት!

ያን ሳምንት ምግብ አልበላ፣ ሥራ አልገፋ አላት። ቅዳሜ ሲሆን ምንም ያልሆነ ቀሚሷን «ይጠርልኝ» የሚል ሰበብ ፈጥራላት ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ሄደች። ሱቁን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ አባትየው ለአንድ ደንበኛ ጮክ ብለው ሲያነቡ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

«‹ልብ ሰንጥቆ ይገባል!› ይሄ እኮ ልጄ ነው!» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ነይ ግቢ የኔ ልጅ። አንብበሻል ይሄን? ይህን የጻፈችው ልጅ እጇ ይባረክ!»

አራት ነጥብ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ቀሚሷን ሰጥታ፣ ልኳን ሰጥታ፣ «አሜን» ማለት ብቻ ቀራት። በዚህ መሃል ልጅየው ጣቃ ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ከኋላ ብቅ አለ። ሲያያት ጣቃው ሊወድቅበት ነበር።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«ልሰማህ።»

አንቱታው የት እንደገባ ለሁለቱም አልታወቃቸውም።

አባትየው የተሰፋ ሱፍ ለደንበኛ ሊያደርሱ ሲወጡ፣ ልጁ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መጋዘን አስገባት። ጠባብ ክፍል ናት፤ ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተደርድሮባታል፤ አዲስ ጨርቅ ጨርቅ ትሸታለች።

«የምለማመደው እዚህ ነው። ጨርቅ ድምፅ ይውጣል። አባባ ደግሞ የስፌት መኪናውን ጩኸት እንጂ እኔን አይሰማም።»

«አራተኛውን ዘፈን ተጫወትልኝ።»

ተጫወተ። አራት ነጥብ ጣቃዎቹን ተደግፋ ቆማ ሰማች፤ ብዕር የለ፣ ወረቀት የለ፣ ረቡዕ የለ። ለስንት ጊዜ እንዲህ ዝም ብላ ሙዚቃ ሰምታ እንደማታውቅ ትዝ አላትና እንባዋ መጣ። ሲጨርስ አፉን እንደ መጥረግ ብሎ ዓይኗን ሸሸ።

«እህስ?»

«አያለቅስም» አለችው። «‹የሚያለቅሰው› ብዬ ነበር የጻፍኩት። ያንተ ግን አያለቅስም። የሆነ ሳቁን አፍኖ የያዘ ሰው ነው የሚመስለው፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚያስቅ ነገር ትዝ ያለው ሰው።»

ቀና ብሎ አያት። ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። «ሌላስ?»

«ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«መሃሉ ላይ ትንሽ ረዝሟል።»

የልጁ ሳቅ መጣ፤ ጣቃው ላይ ተደግፎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ያ ፕሮዲውሰር ይሄንን ቢሰማ!» አላት። እሷም ሳቀች። እዚያው ወደደችው፤ ምን ይደበቃል።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲመጣ ቀሚስ አልጠፋም። አንዱ ይጠርልኝ፣ አንዱ ይርዘምልኝ፣ ሌላው ይስፋልኝ። አባትየው «ይህች ልጅ ወፍራም ናት ቀጭን?» ብለው ግራ ገባቸው። ሁለቱ ግን እሳቸው ሱፍ ሊያደርሱ ሲወጡ መጋዘኗ ውስጥ ይገባሉ፤ እሱ ይጫወታል፣ እሷ ትሰማለች፤ የወደደችውን ትነግረዋለች፣ ያልወደደችውንም አትደብቀውም። አንዳንዴ ተጫውቶ ከጨረሰ በኋላ እሱ የሳክስፎኑን ቁልፎች በጣቱ ይነካካል፣ እሷ የጣቃ ጨርቅ ጫፍ ታፍተለትላለች። «እወድሻለሁ» ያለ የለም፤ «እወድሃለሁ» ያለችም የለችም። ለሙዚቃው ቃል ያላጠራት ልጅ እዚህ ላይ ስትደርስ ምላሷ ይታሰራል።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ነገር ተበላሸ። የሚቀጥለው ወር ወረቀት ሲመጣ፣ «ሳልሰማ አልጽፍም» አለች። አለች ማለት አለች ነው። ዋና አዘጋጁ ለምኖ አስፈራርቶ ሲያቅተው ገጿን ለፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ሸጣት። ቅባቱንም «መሳጭ» ብለው ጻፉለት።

ራዳርስ ዝም ብሎ ነበር? ምን ሲባል! አንድ ቀን ሁለቱ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ተካፍለው ሲሰሙ አያቸው። ከመንገዱ ማዶ ፎቶ አነሳቸው። በወሩ የሐሜት ገጹ ላይ ፎቶው ተንሰራፍቶ ወጣ፤ ከላዩ በቀይ ፊደል «ልብ የተሰነጠቀው ለካስ ወዶ አይደለም!» ይላል። ከሥሩ፣ የራሳችን ጸሐፊ ሳክስፎኑን ያደነቀችው ፍቅረኛዋ ስለሆነ ነው የሚል ወሬ፣ በሳቅና በቃለ አጋኖ ታጅቦ።

አራት ነጥብ መጽሔቱን ይዛ ዋና አዘጋጁ ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች።

«ያን ስጽፍ እኮ ልጁን በዓይኔም አላውቀውም ነበር!»

«ምን አስቆጣሽ? ዕድሜ ላንቺ፣ እትሙ አለቀ!»

«እውነቱን አውጣ። ሳንሰማ እንደምንጽፍ፣ ዘፈኑ ውስጥ ሳክስፎን እንደሌለ ጻፍ።»

ሰውየው ሻዩን አስቀመጠ። «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? መጽሔቱን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?»

እርሳሱን ከፀጉሯ መዘዘችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። በዚያው ወጣች።

ደጅ እንደወጣች ስልኳ ጠራ። ሳክስፎኒስቱ ነው፤ ድምፁ የሱ አይመስልም።

«አባባ አነበበው።»

«ምን አሉ?»

«‹ሴት ጓደኛህን አስጽፈህ ነው በሰው ፊት ያኮራኸኝ?› አለኝ። ጮኾ ቢሆን ደህና። ቀስ ብሎ ነው ያለው።»

«መጥቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«እውነቱ ምንድን ነው? ሳክስፎኑ ራሱ የለም ልትዪው ነው። ያኔ አጭበርባሪ ብቻ ሳልሆን ባዶም እሆናለሁ። ለጊዜው አንተያይ። በተያየን ቁጥር ያንን ወሬ እውነት እናደርገዋለን።»

ስልኩ ተዘጋ። አራት ነጥብ መንገድ ዳር ቆማ፣ ሰው እየገፋት እያለፈ፣ አለቀሰች። ሥራዋን ስትለቅ አላለቀሰችም ነበር። ይሄኛው ግን አንጀቷን በላት። ዝም ብትል፣ ልጁ በአባቱ ዘንድ አጭበርባሪ ሆኖ ይቀራል፣ እሷንም ባየ ቁጥር ያ ነውር ይታየዋል። ብትናገር ደግሞ፣ ያቺ «ልጄ» የምትባል ቃል ድጋፏ ይናዳል። የቱን ትምረጥ? አውቶቡሱ ሲመጣ ግን ራሷን ተሳፍራ አገኘችው።

አባትየው ሱቅ ውስጥ ብቻቸውን ካውያ ይገፋሉ። ገጹ አሁንም መስተዋቱ አጠገብ ተለጥፏል፤ ዛሬ ግን የሚነበብለት ሰው የለም። ሲያዩዋት ካውያውን አቆሙ።

«አንቺ ነሽ ለካ» አሉ። «ያ ሁሉ ቀሚስ።»

«እኔ ነኝ አባባ። የመጣሁት ልጅዎ ልኮኝ አይደለም፤ እንዳልመጣ ነው የነገረኝ።»

«ተናገሪ።»

ተናገረች። ስለ ረቡዕና ስለ ዓርቡ፣ ስለ ወረቀቷ፣ ስለ ተቆረጠው ሳክስፎን፣ አንዱንም አልዘለለችም። «ያን ስጽፍ አላውቀውም። ሰምቼውም አላውቅም። ያደነቅሁት ስም ነው፤ ወረቀት ላይ ያየሁትን ስም። ሊያጭበረብርዎት አልሞከረም። ማረሚያ እንዳላወጣ የለመነኝ ‹ልጄ› ብለው ስለጠሩት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ መስተዋቱ ሄደው ገጹን በጥፍራቸው ቀስ ብለው ላጡ፣ አራት አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። ከጀርባቸው ሲታዩ ትከሻቸው ወርዷል። አራት ነጥብ «ምን ነካኝ፣ ምነው አፌን በቆረጠው» አለች በልቧ።

«እና ይችላል?» አሉ ዘወር ሳይሉ።

«አቤት?»

«ልጄ። ይችላል ወይስ አይችልም?»

«ከእኔ አይስሙ አባባ። እኔ አንዴ አታልዬዎታለሁ። በራስዎ ጆሮ ይስሙት።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን የስፌት መኪናው ላይ አሳረፉ፤ ጣታቸው መርፌ የበላው፣ ጫፉ የሻከረ ነው።

«እዚያ ውስጥ ሲነፋ» አሉ ወደ መጋዘኑ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «እኔ ደግሞ ይህን መኪና እረግጠው ነበር። የምሰፋው ሳይኖረኝ ሁሉ እረግጠው ነበር። ድንገት ደህና ሆኖ ብሰማው እሸነፋለሁ ብዬ ፈራሁ። ጥሪው እስቲ።»

ልጁ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ አንዴ አባቱን፣ አንዴ እሷን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አባት የሱቁን በር ከውስጥ ዘጉት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ሰዓት፣ ይህን አድርገው አያውቁም። ወደ መጋዘኑ ገብተው ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀመጡ።

«ያንን የቆረጡብህን ንፋልኝ» አሉ።

«አባባ፣ እሷ የነገረችህ…»

«እሷ የነገረችኝን ሰምቻለሁ። አሁን ያንተን ነው የምሰማው።»

ልጁ ሲጀምር አንዷ ድምፅ ተሰበረችበት። እንደገና ጀመረ። ቀስ እያለ ገባበት፤ አባቱ መኖራቸውን የረሳ መሰለ። አራት ነጥብ ግን እሱን አልነበረም የምታየው፤ ሽማግሌውን ነበር። አንገታቸውን ደፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል አጣብቀው፣ ምንም ሳይነቃነቁ ይሰማሉ። ሲጨርስ የሱቁን በር የሚደበድብ ደንበኛ ድምፅ ተሰማ። ማንም አልተነሳም።

«ከየት ላይ እንደቀጠልከው» አሉ አባትየው በመጨረሻ፣ «ስፌቱ አይታይም።»

ልብስ ሰፊ ለሰው ሥራ ከዚህ በላይ ምን ይላል? ልጁ ሳክስፎኑን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባትየውም ዓይናቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠራረጉ፣ «ስንት ዓመት ነው ያባከንኩት?» እያሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ከዚያ ድንገት ወደ አራት ነጥብ ዞሩ። ፊታቸው ኮስተር ብሏል።

«አንቺ ግን ቆይ። ያ መጽሔት ‹ፍቅረኛሞች ናቸው› ብሏል። ይሄንንስ እንደ ልማዳችሁ ዝም ብለው ነው የጻፉት?»

ሳክስፎኒስቱ እንባውን እንደያዘ ቀና አለ። አራት ነጥብ ጉንጯ ሲግል ተሰማት፤ እጇ ወደ ፀጉሯ ሄደ፤ እርሳሱ የለም።

«እነሱማ ዝም ብለው ነው የጻፉት አባባ» አለች። «እኛ እንኳ ተባብለን አናውቅም። ግን…» ወደ ልጁ ዞረች። አሁን የምትናገረው ለሱ ነው። «እኔ እወድሃለሁ። በሩንም ዘግተው ይዘውኛል፣ መሸሻ የለኝም።»

«እኔም» አለ ልጁ። ያን ሁሉ ሲነፋ ያላጠረው ትንፋሽ እዚህ ላይ አጠረው። «እኔማ ‹ረዝሟል› ያልሽኝ ቀን ነው ያለቀልኝ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ አባትየው። ተነሱ፣ አቧራቸውን አራገፉ፣ ወጥተው ደንበኛውን ሊያናግሩ አስበው እንደገና ተቀመጡ። ልጁ እጁን ዘርግቶ የአራት ነጥብን እጅ ያዘ፤ የመጀመሪያው ነው፤ አባቱ ፊት መሆኑም አላሳፈረው።

«ሌላም ታውቃለህ?» አሉት ሽማግሌው። «አንድ ሌላ ንፋልን እስቲ።»

ደንበኛው በሩን ደጋግሞ አንኳኳ። ማንም አልከፈተለትም።